የልብ ምት መለዋወጥን በየማለዳው እየለኩ ልምምድን መምራት፦ ለሰሜን ሸዋ የረጅም ርቀት ሯጮችና አሠልጣኞች ዝርዝር መመሪያ

የአንድ ሯጭ ልብ በእረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ 50 ጊዜ ይመታል ሲባል በየ1.2 ሰከንዱ እኩል እየቆጠረ ይመታል ማለት አይደለም። በሁለት ተከታታይ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ አንዴ 1.14፣ አንዴ 1.26 ሰከንድ እየሆነ ያለማቋረጥ ሲረዝምና ሲያጥር ይውላል፤ አየር ስንስብ ምቱ ፈጠን፣ ስናስወጣ ደግሞ ዘግየት ይላል። ይህ ከምት ወደ ምት የሚታየው የጊዜ ልዩነት የልብ ምት መለዋወጥ ይባላል፤ በስፖርቱ አካባቢ ኤችአርቪ በሚለው አጠራር ይታወቃል። ልዩነቱ ሰፊ መሆኑ ብዙ ሰው እንደሚጠረጥረው የሕመም ምልክት ሳይሆን፣ በጤናማ ሯጭ ላይ ሰውነቱ ማረፉንና ለከባድ ሥራ መዘጋጀቱን የሚጠቁም ነው።

መመሪያው የተጻፈው በደብረ ብርሃን ሜዳ፣ በጫጫ፣ በአንኮበር መንገድና በመንዝ ደጋ ላይ ለሚሮጡ ወጣቶችና ለአሠልጣኞቻቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የተወለደው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው በጃቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በሴቪያ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ጌጤ ዋሚም የጫጫ ልጅ ናት። በዚህ አካባቢ የጎደለው ትጋት አይደለም። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ በውርጭ የሚሮጥ፣ ከፊቱ ያለውን ተረከዝ እያየ ሳይቀር የሚከተል ወጣት ሞልቷል። የጎደለው፣ ያ ወጣት ሰውነቱ ያልተመለሰበትን ቀን ለይቶ የሚያውቅበትና «ዛሬ ቀለል አድርጌ ልሩጥ» ሲል እንደ ስንፍና እንዳይቆጠርበት በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ነው። የማለዳው ልኬት ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልኬቱ ምን ያሳያል?

ልብ የራሱ የምት መነሻ አለው፤ ከነርቮች ትእዛዝ ሙሉ በሙሉ ቢላቀቅ በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ ይመታል። በእረፍት ጊዜ ወደ 60፣ ወደ 50 ወይም ከዚያ በታች የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ እንደ ልጓም ይዞ ስለሚያዘገየው ነው። ቬገስ የማረፍን፣ ምግብ የመፍጨትንና የማገገምን ሥራ የሚመራው የፓራሲምፓቴቲክ ሥርዓት ዋና ነርቭ ሲሆን፣ ትእዛዙ በአንድ ምት ጊዜ ውስጥ ልብ ላይ ይደርሳል። በተቃራኒው ሰውነትን ለትግል የሚያነሣው የሲምፓቴቲክ ሥርዓት ውጤቱ ለመታየት በርካታ ሰከንዶች ይፈጅበታል። ስለዚህ ከአንዱ ምት ወደ ቀጣዩ የሚታየው ፈጣን ልዩነት በዋናነት የቬገስን ሥራ ያሳያል። ከባድ ልምምድ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሕመም፣ ሐሳብና ጭንቀት ሁሉ ይህን ሥራ ስለሚያዳክሙት የማለዳው ቁጥር ይወርዳል።

ልኬቱ ከኤሮቢክ ብቃት፣ ማለትም ኦክስጅን እየተጠቀሙ ለረጅም ጊዜ ከመሮጥ አቅም ጋር ያለው ዝምድና በሁሉም ሯጭ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። አዲስ ሯጭ ለወራት ሳያቋርጥ የጽናት ልምምድ ሲሠራ የልቡ ግራ ክፍል ይሰፋል፣ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይበዛል፣ የደሙ ፈሳሽ ክፍል (ፕላዝማ) ይጨምራል፣ የእረፍት ምቱ ይቀንሳል፤ አብሮትም የምቱ መለዋወጥ በአብዛኛው ከፍ ይላል። ለዓመታት የሠራ አትሌት ላይ ግን ብቃቱ እየጨመረ ቁጥሩ ባለበት ሊቆም፣ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ዕድሜና ተፈጥሮም ትልቅ ድርሻ ስላላቸው፣ የእርስዎ ቁጥር ከጓደኛዎ ቁጥር መብለጡ በሩጫ ይበልጡታል ማለት አይደለም። ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው የራስን ቁጥር ከራስ ያለፉ ሳምንታት ጋር ሲያስተያዩት ብቻ ነው። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሯጮች በየማለዳው ስልካቸውን እያስተያዩ «የማን በለጠ» እንዳይሉ አጥብቄ እመክራለሁ።

ደረጃ 1፦ መሣሪያውን መምረጥ

በጣም አስተማማኙ ደረት ላይ የሚታሰረው የልብ ምት ቀበቶ ነው፤ ለምሳሌ ፖላር ኤች10 የሚባለው በእያንዳንዱ ሁለት ምት መካከል ያለውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ለክቶ በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል። ያገለገለ ቀበቶ የሚገዛ ሰው፣ መሣሪያው በደቂቃ ስንት ምት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የየምቱን ርቀት ጊዜም እንደሚልክ መጀመሪያ ማረጋገጥ አለበት፤ አንዳንድ ርካሽ ቀበቶዎች አማካዩን ብቻ ይሰጣሉ፤ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። በደብረ ብርሃን ደረቅና ቀዝቃዛ ማለዳ ቆዳ ስለሚደርቅ የቀበቶው ሁለት ላስቲክ መሰል ንክኪዎች በውኃ ሳይረጠቡ ከታሰሩ ምልክቱ ይቆራረጣል። ጥቂት ለብ ያለ ውኃ በጣት ማስነካት ይበቃል።

ቀበቶ ለሌለው ሁለተኛው መንገድ የስልክ ካሜራ ነው። ኤችአርቪ ፎር ትሬኒንግን የመሰሉ መተግበሪያዎች ጣት በካሜራውና በመብራቱ ላይ ሲያርፍ የደሙን መጨመርና መቀነስ ከብርሃኑ ለውጥ አንብበው ምቱን ያሰላሉ። ይህ ዘዴ ሰውየው ሳይንቀሳቀስ እስከለካ ድረስ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የቀዘቀዘ ጣት ደም ሥሮቹ ስለሚጠቡ ምልክቱን ያሳጣል፤ ስለዚህ ከመለካት በፊት እጅን ጋቢ ውስጥ አቆይቶ ማሞቅ፣ ጣትንም ሳይጫኑ በስሱ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ጣት ጠበቅ ተደርጎ ሲጫን ደሙ ይሸሻል፣ ቁጥሩም ዋጋ ያጣል።

የእጅ ሰዓቶች ሌሊት በእንቅልፍ ጊዜ የሚሰጡት አማካይ ሊያገለግል ይችላል። በሩጫ ላይ ሳሉ የሚያሳዩትን መለዋወጥ ግን አይመኑት። የትኛውንም ይምረጡ፣ ከመረጡ በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው አይዝለሉ፤ በቀበቶ የተለካው ከሰዓት ከተገኘው ጋር በአንድ መዝገብ ሊቀላቀል አይገባም።

ደረጃ 2፦ የማለዳው ልኬት

ጠቅላላው ሥራ የቆመው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን የሚለያየው ሰውነት ስለተለወጠ እንጂ አለካኩ ስለተለወጠ መሆን የለበትም።

እንደነቁ መጀመሪያ ይሽኑ፤ የሞላ ፊኛ ምቱን ይለውጣልና። ከዚያ ተመልሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ወይም ወንበር ላይ ጀርባዎን አስደግፈው፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ደርበው ይቀመጡ። ብርድ ራሱ ሰውነትን ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ሳይደርቡ አይለኩ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ምቱ እንዲረጋጋ ይጠብቁ፤ ከዚያ ቢያንስ አንድ ደቂቃ፣ ቢቻል ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይለኩ። እ.ኤ.አ. በ1996 የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ያወጡት መመዘኛ ለአጭር ልኬት አምስት ደቂቃ ይጠይቃል፤ ከዚህ በታች ለምንጠቀምበት ስሌት ግን በአትሌቶች ላይ ከአንድ ደቂቃ ማረጋጊያ በኋላ የሚወሰድ የአንድ ደቂቃ ልኬትም እንደሚያገለግል ታይቷል። በየቀኑ የሚደረግ የሁለት ደቂቃ ልኬት፣ በሳምንት አንዴ ከሚደረግ የአምስት ደቂቃ ልኬት ይሻላል።

ተኝቶ፣ ተቀምጦ ወይም ቆሞ መለካት ይቻላል። የእረፍት ምታቸው ከ50 በታች የሆነ አትሌቶች ግን ተኝተው ባይለኩ ይመረጣል፤ ቬገስ ከልክ በላይ ስለሚበረታ አትሌቱ ጥሩ ሁኔታ ላይ ሳለ እንኳ መለዋወጡ አንሶ ሊታይ ይችላል። ለእነዚህ መቀመጥ ወይም መቆም እውነተኛውን ሁኔታ በተሻለ ይገልጣል።

በልኬቱ ወቅት አይነጋገሩ፣ መልእክት አያንብቡ፣ እንደ ልማድዎ ይተንፍሱ። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ መተንፈስ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን የጨመረው ቁጥር እንጂ ማገገሙ አይደለም። ልኬቱ ከውኃም፣ ከቡናም፣ ከጸሎትም በፊት ይሁን። በተለይ በጾም ወራት ስግደት የሚሰግድ አትሌት ከሰገደ በኋላ ቢለካ፣ ስግደቱ በቂ የአካል ሥራ ስለሆነ ውጤቱ የሌሊቱን እረፍት አያሳይም። በረመዳን ለሱሁር የሚነሣ ሯጭም እንደነቃ፣ ከመብላቱ በፊት ለክቶ ይመዝግብ፤ አንዱን ቀን ከሱሁር በፊት፣ ሌላውን ቀን ዳግም ተኝቶ ከተነሣ በኋላ መለካት መዝገቡን ያበላሻል።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። ቀበቶው አንዲት ምት ቢዘል መሣሪያው በመካከሉ 1,000 ሳይሆን 2,000 ሚሊሰከንድ እንዳለፈ አድርጎ ይቆጥራል፤ ይህች አንዲት ስሕተት የዕለቱን ቁጥር እጥፍ ልታደርገው ትችላለች። ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከወትሮው በጣም ከፍ ብሎ ሲገኝ ደስ ከመሰኘት በፊት እንደገና ይለኩ።

ደረጃ 3፦ ስሌቱን መረዳት

መተግበሪያው ራሱ ያሰላል፤ ነገር ግን የማይገባውን ቁጥር የሚከተል ሰው በቀላሉ ይሳሳታል፤ ስለዚህ አንዴ በእጅ ሠርቶ ማየት ጠቃሚ ነው። በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ አርኤምኤስኤስዲ ይባላል። በምቶች መካከል የተለካው ጊዜ በሚሊሰከንድ 1,000፣ 1,060፣ 980፣ 1,040 እና 1,010 ነው እንበል። በተከታታዮቹ መካከል ያለው ልዩነት 60፣ 80፣ 60 እና 30 ነው። እያንዳንዱን በራሱ ስናባዛ 3,600፣ 6,400፣ 3,600 እና 900 ይመጣል፤ ድምሩ 14,500 ሲሆን ለአራት ሲካፈል 3,625 ይሆናል። የዚህ ካሬ ሩት 60 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ የአምስቱ የጊዜ ርቀቶች አርኤምኤስኤስዲ ይኸው ነው። በእውነተኛው ልኬት ስሌቱ የሚሠራው በደርዘን በሚቆጠሩ ምቶች ላይ ነው።

ይህ ቁጥር ከቀን ወደ ቀን በጣም ስለሚዘል፣ አብዛኞቹ መተግበሪያዎች በጣም የተራራቁ ቁጥሮችን ወደሚያቀራርበው ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ይለውጡታል። የ60 ሎጋሪዝም 4.1 ገደማ፣ የ80ው 4.4 ገደማ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ይህንኑ በ20 ወይም በሌላ ቁጥር አባዝተው ከመቶ እንደተሰጠ ውጤት ያሳያሉ፤ ስለዚህ ከተለያየ መተግበሪያ የመጡ ቁጥሮችን ማወዳደር አይቻልም።

ደረጃ 4፦ መዝገቡንና የራስን መነሻ ማዘጋጀት

ደብተር ይበቃል። ለየቀኑ አንድ መስመር ያስምሩና ቀኑን፣ የልኬቱን ቁጥር፣ የእረፍት ምቱን፣ የተኙበትን ሰዓት፣ የትናንቱን ልምምድ፣ የጡንቻውን ስሜት ከአንድ እስከ አምስት፣ በመጨረሻም ልዩ ነገር ካለ ያንን ይጻፉ። ልዩ ነገር የሚባሉት ጾም፣ ማኅሌት ቆሞ ማደር፣ ጉዞ፣ ጉንፋን፣ ሐዘን፣ ጠላ ወይም አረቄ መጠጣት ናቸው። የአልኮል ውጤት በማግስቱ ማለዳ በግልጽ ይታያል፤ በክርስትና ወይም በሠርግ ማግስት የወረደን ቁጥር በልምምዱ ማሳበብ ስሕተት ላይ ይጥላል። ለሴት አትሌቶች የወር አበባ ዑደት ምልክት መጨመር አስፈላጊ ነው፤ ከወር አበባ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ቁጥሩ በብዙዎች ላይ ዝቅ፣ የእረፍት ምቱ ከፍ የማለት ጠባይ አለው፤ ይህ የድካም ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ልምምድዎን ሳይለውጡ ይለኩ፤ በቁጥሩ ተመርተው ምንም አይወስኑ። ይህ ጊዜ ከውድድር ሳምንት ወይም ከሕመም ጋር ባይገጥም ይመረጣል። ከዚያ አማካዩንና መደበኛ ልይይቱን፣ ማለትም የየቀኑ ቁጥሮች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየውን መለኪያ ያውጡ፤ በስልክ ካልኩሌተርም በኤክሴልም ይወጣል። የተለመደ ክልል የሚባለው አማካዩ፣ ሲደመርና ሲቀነስ የመደበኛ ልይይቱ ግማሽ ነው። ለምሳሌ የአራት ሳምንቱ የሎጋሪዝም አማካይ 4.20፣ ልይይቱ 0.16 ቢሆን ግማሹ 0.08 ነው፤ ክልሉም ከ4.12 እስከ 4.28 ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ከክልሉ ጋር የሚስተያየው የአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን የመጨረሻዎቹ ሰባት ቀናት አማካይ ነው። የዚህ ሯጭ የአንድ ሳምንት ልኬት 4.25፣ 4.10፣ 4.18፣ 4.02፣ 4.05፣ 4.12 እና 3.98 ሆኗል እንበል። ድምሩ 28.70፣ ለሰባት ሲካፈል 4.10 ነው። በሁለተኛው ቀን የታየው 4.10 ብቻውን ምንም አይነግረንም ነበር፤ በማግስቱ ተመልሷልና። የሳምንቱ አማካይ ከ4.12 በታች መውረዱ ግን ሰውነቱ የተጫነበትን ያህል እየተመለሰ አለመሆኑን ያሳያል። መነሻውን በየአራት ሳምንቱ ያድሱት፤ በሕመም የወደቁባቸውን ቀናት ግን ከስሌቱ ያውጡ።

ደረጃ 5፦ በቁጥሩ መወሰን

በመጀመሪያ ከየልምምዱ በኋላ ምን ያህል መውረድ እንደሚጠበቅ ማወቅ ይገባል። ከቀላል ሩጫ በኋላ የቬገስ ሥራ በአብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከመካከለኛ ጫና፣ ማለትም ከአንድ ሰዓት ውድድር ፍጥነት ጋር ከሚቀራረብ ሩጫ በኋላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል፤ ከጠንካራ ስፒድ (የፍጥነት ልምምድ) በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ያስፈልጋል። ማክሰኞ ስፒድ ሠርቶ ረቡዕ ቁጥሩ የወረደ ሯጭ ችግር የለበትም፤ የሚጠበቅ ነው። ዓርብም ድረስ ካልተመለሰ ግን መጠየቅ አለበት።

የሳምንቱ አማካይ በክልሉ ውስጥ ሲሆን የታቀደው ልምምድ ይሠራ። የዕለቱ ቁጥር በጣም ወርዶ አማካዩ ግን በክልሉ ውስጥ ከሆነ፣ ለዚያ ቀን የታቀደው ስፒድ ወይም ዳገት በአንድ ቀን ተገፍቶ በምትኩ በኮሮኮንች ላይ ለስላሳ ሩጫ ይሮጥ። አማካዩ ራሱ ከክልሉ በታች ከወረደ፣ ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ከባድ ልምምድ አይኑር፤ የሩጫው ርዝመትም ይቀነስ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው፣ ከባድ ልምምዳቸውን ቁጥሩ ደህና በሆነባቸው ቀናት ብቻ የሠሩ ሯጮች አስቀድሞ በተወሰነ ፕሮግራም ከሠሩት በተሻለ የሩጫ ብቃታቸውን አሳድገዋል። ሥራው የተሠራው በመጠነኛ ብቃት ላይ ባሉ ወንዶች ላይ ስለሆነ፣ ለዓመታት የሠለጠነ አትሌት ያንኑ ያህል ለውጥ መጠበቅ የለበትም።

ከክልሉ በላይ መውጣት ሁልጊዜ መልካም ዜና ተደርጎ መወሰዱ ያሳስበኛል። ለሳምንታት ብዙ ኪሎ ሜትር የሮጠ አትሌት ቁጥሩ ሲወጣ፣ የእረፍት ምቱ ደግሞ ከወትሮው በጣም ሲወርድ፣ እግሩ ግን እርሳስ ሲሆንበትና ፍጥነት እምቢ ሲለው፣ ይህም ከመጠን ያለፈ ድካም አንዱ መልክ ነው። የደብተሩ የጡንቻ ስሜት ዓምድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ቁጥሩና ስሜቱ ሲጣሉ ለስሜቱ ያድሉ። በተቃራኒው ከትልቅ ውድድር በፊት ባሉት የማቅለያ ቀናት ቁጥሩ ትንሽ ቢወርድ ኮንዲሽን ጠፋ ብሎ መደንገጥ አይገባም፤ በደንብ በተዘጋጁ አትሌቶች ላይ የሚታይ ነገር ነው። በውድድሩ ዕለት ማለዳ ደግሞ ባይለኩ እመርጣለሁ፤ ውሳኔ የማይቀይር ቁጥር ሐሳብ ብቻ ይጨምራል።

ደረጃ 6፦ የኤሮቢክ ብቃትን በሜዳ መፈተሽ

የማለዳው ልኬት ማገገምን እንጂ ብቃትን ብቻውን አይለካም። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አጭር ፈተና ይጨመርበት። ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳማ መሬት አይጠፋም፤ አንድ ደልዳላ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይምረጡና ሁልጊዜ እሱን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ጫማ ይጠቀሙ። ከከባድ ልምምድ ማግስት አይሁን። ከማሟሟቂያ በኋላ እያወሩ ሊሮጡት በሚችሉት ፍጥነት፣ ለምሳሌ ኪሎ ሜትሩን በ4 ደቂቃ ከ30፣ ለስምንት ደቂቃ ያህል ይሩጡ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ደቂቃዎች አማካይ የልብ ምት ይመዝግቡ፤ ከዚያ ቆመው ምቱ በ60 ሰከንድ ውስጥ ስንት እንደወረደ ይጻፉ። ፍጥነቱ ከፈተና ወደ ፈተና መለወጥ የለበትም፤ በአንድ ኪሎ ሜትር የአምስት ሰከንድ ልዩነት እንኳ ውጤቱን ያደበዝዛል።

በዚያው ፍጥነት ምቱ ከ152 ወደ 146 ቢወርድ፣ ከቆሙ በኋላም ፈጥኖ የሚበርድ ቢሆን፣ የማለዳው አማካይም በክልሉ ውስጥ ቢሆን፣ የኤሮቢክ ብቃቱ አድጓል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ምቱ ወርዶ የማለዳው ቁጥርም አብሮ ወርዶ፣ ቀላሉ ፍጥነት ከብዶ ከተሰማ ነገሩ ሌላ ነው። በጣም የደከመ ሰውነት ምቱን ከፍ ማድረግ ስለሚያቅተው የሩጫ ምቱ ይወርዳል፤ ብዙ ሯጭና አሠልጣኝ ይህን እንደ መሻሻል ቆጥሮ ጫና ይጨምራል። ሁለቱን የሚለየው የማለዳው መዝገብ ነው። ምቱ ከፍ ብሎ ከተገኘም መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ሙቀት፣ የውኃ እጥረትና የሚጀምር ሕመም ናቸው።

ከደጋ ቆላ፣ ከቆላ ደጋ

ሰሜን ሸዋ ላይ ልኬቱን የሚያወሳስበው ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርዱ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአንድ ቀን መኪና ከ1,500 ሜትር በላይ መውረድም መውጣትም ይቻላል ማለት ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የመጣ ሯጭ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የእረፍት ምቱ ከፍ፣ መለዋወጡ ዝቅ ይላል፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ሰውነት ያነሰውን ኦክስጅን በፍጥነት በመምታት ያካክሳል። በነዚህ ቀናት የሚታየውን መውረድ ከድሮው ክልል ጋር አያስተያዩት፤ ቁጥሩ እስኪረጋጋ ድረስ ቀለል ብለው ይሩጡ፤ ቦታው ላይ ከቆዩም አዲስ መነሻ ያውጡ። ከደጋ ወደ ሸዋ ሮቢት ለፍጥነት ልምምድ የሚወርዱ ደግሞ ኦክስጅኑ ቢጨምርላቸውም ሙቀቱ ፕላዝማቸውን ስለሚያጎድልባቸው ምታቸው ከፍ ሊል ይችላል።

ከቆላ በተመለሱ ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ በድንገት ቢዘቅጥ፣ የእረፍት ምቱም በደቂቃ ከአሥር በላይ ቢጨምርና ብርድ ብርድ ቢል፣ ልምምድ አቁመው የወባ ምርመራ ያድርጉ። ወባ ለሸዋ ሮቢትና ለአካባቢው ቆላ እንግዳ አይደለም፤ የማለዳው ልኬትም ትኩሳቱ በግልጽ ከመታየቱ በፊት የሆነ ነገር እንዳለ ሊጠቁም ይችላል። ቁጥሩ ለሳምንታት ዝቅ ብሎ ዳገት ላይ ያለ ልማድ የሚያለከልክ አትሌት፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ የደም ማነስና የብረት ማዕድን ምርመራ ያስፈልጋታል።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ እንደ ልዩ ቀን ሳይሆን እንደ ወቅት ሊታይ ይገባል። እስከ 9 ሰዓት ሳይበላና ሳይጠጣ የሚቆይ ሯጭ ከባዱን ልምምድ ከምግቡ ሰዓት ጋር ቢያቀራርበው፣ ማታ በቂ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ቢያገኝ፣ በቂ ውኃም ቢጠጣ፣ ቁጥሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊረጋጋ ይችላል። ካልተረጋጋ የሚቀነሰው ኪሎ ሜትሩ ነው።

መሣሪያ ለሌለው

መለዋወጡን በጣት መቁጠር አይቻልም፤ የእረፍት ምትን ግን ይቻላል። እንደነቁ ተኝተው ሳሉ በእጅ አንጓ ላይ ሙሉ 60 ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ከዚያ ተነሥተው ቆመው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግመው ይቁጠሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከወትሮው ለተከታታይ ቀናት ሲሰፋ፣ የተኙበት ምትም ከተለመደው በአምስት ወይም በስድስት ሲጨምር፣ ማቅለል ይገባል። ከኤችአርቪው ይልቅ ዘግይቶ የሚያስጠነቅቅ ቢሆንም ከምንም በጣም ይሻላል፤ ዛሬውኑ ያለ ገንዘብ ሊጀመር ይችላል።

በልኬቱ መካከል ምቱ ሥርዓት አልባ ሆኖ ከተገኘና ደጋግመው ሲለኩም ካልተስተካከለ፣ ወይም በሩጫ ላይ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ድንገተኛ የልብ መርገብገብ ካጋጠመ፣ ነገሩ የመተግበሪያ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ለረጅም ዓመታት በጽናት ስፖርት የቆዩ ሰዎች የላይኛው የልብ ክፍል ሥርዓት አልባ ምት ከሌላው ሰው በበለጠ እንደሚያገኛቸው ይታወቃል፤ ይህ ምት በመሣሪያው ላይ እጅግ ከፍተኛ መለዋወጥ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆስፒታል ሄደው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሡ።

መዝገቡን ለአሠልጣኝ ማሳየት

ለአሠልጣኝ የዕለት ቁጥር ከማሳየት የሳምንቱን አማካይ ከክልሉ ጋር አድርጎ ማሳየት ይበጃል፤ ሁለት መስመር ያለው ግራፍ በደብተር ላይ ቢሣል በቂ ነው። ሠላሳ ልጅ በአንድ ፍጥነት የሚያስሮጥ አሠልጣኝ ለእያንዳንዱ የተለየ ፕሮግራም ማውጣት ይከብደዋል፤ ያን ማንም አይጠብቅበትም። ሊያደርገው የሚችለው፣ ከባድ ልምምድ ባለበት ቀን ከክልላቸው በታች የወረዱትን ለይቶ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት፣ በሌላ ቡድን ቀለል አድርገው እንዲሮጡ መመደብ ነው። ከጓደኞቻቸው ሳይለዩ ሜዳ ላይ ስለተገኙ እንደቀሩ አይቆጠርባቸውም። ያለፋቸው ስፒድ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ቁጥሩ ሲመለስ ይሠራል። የሴት አትሌቶች መዝገብ ላይ ያለው የዑደት ምልክት ግን በቡድን ፊት የሚነበብ አይደለም፤ አትሌቷ ከፈለገች እሷና አሠልጣኟ ብቻ የሚያውቁት ነጥብ አድርጋ ታስቀምጠው።